ስለ ዱኾቦሮችና ስለ መታሰቢያ መንደራቸው

ሕዝብ ሁሉ ያለፈውን ዘመኑን የሚያስብበት የራሱ መንገድ አለው። አንዱ ሐውልት ያቆማል፤ ሌላው መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሦስተኛውም የአባቶቹን ዕቃ ሰብስቦ በአንድ ቤት ያኖራል። እንግዲህ ለሥዕልና ለምስል ክብር የማይሰጥ፣ በወረቀት ከተጻፈው ቃል ይልቅ በልብ የተጻፈውን የሚያስበልጥ፣ ገንዘብም የማኅበር እንጂ የአንድ ሰው አይሁን ብሎ የተስማማ ሕዝብ ቢኖር፣ ይህ ሕዝብ ያለፈ ዘመኑን በምን አኳኋን ለልጆቹ ያወርሳል?

እንዲህ ያለ ሕዝብ በእርግጥ አለ። ስሙም ዱኾቦር ይባላል። የተነሣው ከሩሲያ ነው፤ ዛሬ ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት በካናዳ ነው። በዚያም አገር፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው አውራጃ፣ ካስልጋር በምትባል ከተማ፣ የአባቶቻቸውን ኑሮ የሚያሳይ አንድ የመታሰቢያ መንደር ሠርተዋል። የዚህን መንደር ነገር ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ የወደድነው በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ያማሩ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። ዕቃው ሁሉ ከበስተኋላው ብዙ የድካምና የእንባ ታሪክ ስላለው፣ ይልቁንም ዕቃ ሊጠብቀው የማይችለው ነገር ምን እንደ ሆነ ስለሚያስተምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩትኒና ኮሎምቢያ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ከተራሮች መካከል ወርደው ካስልጋር ላይ ይገናኛሉ። የመታሰቢያው መንደር የተሠራው በዚሁ አካባቢ ባለው ደልዳላ ሜዳ ላይ ነው። የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሲሆን፣ ከ1908 እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ዱኾቦሮች በዚያ ሸለቆ በማኅበር የኖሩትን ኑሮ እንዲያሳይ ሆኖ የታቀደ ነው። ወደ ግቢው የገባ ሰው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ታላላቅ ባለ ፎቅ ቤቶችን ያያል። ከበስተኋላቸውም ዝቅ ዝቅ ያሉት የሥራ ቤቶችና ጎተራዎች ግቢውን ከበውት ይታያሉ። ቤቶቹ በጥንቱ አኳኋን እንደ ገና የተሠሩ ናቸው እንጂ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ለምን እንደ ጠፉ ወደ ፊት እንናገራለን።

ጥንት እንዲህ ያሉት መንደሮች በዚያ አገር ብዙ ነበሩ። በያንዳንዱ ታላቅ ቤት ከሠላሳ እስከ ሃምሳ የሚሆን ሰው በአንድነት ይኖርበት ነበር። ምድር ቤቱ የሁሉ ማድ ቤትና የሁሉ ገበታ የሚዘረጋበት አዳራሽ ነው፤ ፎቁ ደግሞ በትናንሽ መኝታ ቤቶች ተከፋፍሎ ለየቤተ ሰቡ ይታደላል። መሬቱ፣ ከብቱ፣ እህሉና የሥራው መሣሪያ ሁሉ የማኅበሩ ስለ ሆነ፣ ባልና ሚስት ለብቻቸው የሚያዙበት ይህ መኝታ ቤት ብቻ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሴቶቹ በየተራ ለቤቱ ሰው ሁሉ ያበስላሉ፤ ዳቦውንም በጡብ በተሠራው ታላቅ ምድጃ ይጋግራሉ። ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ ገበታቸው የጎመንና የድንች ሾርባ፣ ዳቦ፣ ወተትና ፍራፍሬ ነው። ወንዶቹም የሚበላበትን ማንካና የሚጨለፍበትን ጭልፋ ከእንጨት እየፈለፈሉ ይሠራሉ። የብረት ሥራው ቤት ከነወናፉና ከነመስፉ፣ የእንፋሎት መታጠቢያውም ቤት በመታሰቢያው መንደር ውስጥ ይታያሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የተልባው ሥራ ልብን ይስባል። በእኛ አገር ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ ዱኾቦሮች ግን ግንዱን ደግሞ እጅግ ይፈልጉት ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ የተልባ እግር እየተባለ የሚጠራው ጨርቅ የሚገኘው ከዚሁ ከግንዱ ነውና። ተልባው ሳይታጨድ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ፍሬው ከረገፈለት በኋላ በውሃ ተዘፍዝፎ ይሰነብታል፤ ደርቆም በእንጨት መሣሪያ ይሰበራል፤ በጥርሳም ማበጠሪያ ይበጠራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈተላል፤ ይሸመናል። አንዲት ሴት ለባሏ አንድ ሸሚዝ ለማልበስ ከዘር እስከ መርፌ ያለውን ሥራ ሁሉ በእጇ ታውቀው ነበር። ዛሬ በመታሰቢያው መንደር የተቀመጡት ማበጠሪያዎችና መፍተያዎች እጀታቸው በብዙ እጅ ተሻሽቶ የለሰለሰ ነው።

በዚህ ግቢ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ምስልን በማያከብር ሕዝብ መንደር የአንድ ሰው ምስል ቆሟል። እሱም የሩሲያው ታላቅ ደራሲ የሊዮ ቶልስቶይ ምስል ነው። ቶልስቶይ ከዚህ ሕዝብ አልተወለደም፤ ካናዳንም አይቶ አያውቅም። ምስሉ ለምን በዚያ እንደ ቆመ ለመረዳት ግን ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ዱኾቦር የሚለው ስም ከሩሲያ ቋንቋ ሲተረጎም ከመንፈስ ጋር የሚታገል ማለት ነው። ይህን ስም በ1785 ዓ.ም. ያወጣላቸው አምብሮሲዮስ የሚባል የሩሲያ ሊቀ ጳጳስ ነው። እሱም መንፈስ ቅዱስን የሚቃወሙ መናፍቃን ናቸው ሲል ለነቀፋ የሰጣቸው ስም ነበር። እነሱ ግን ስሙን አልጣሉትም። አዎን፣ ታጋዮች ነን፤ ነገር ግን የምንታገለው በመንፈስ ኃይል ነው እንጂ በሰይፍ አይደለም ብለው ትርጓሜውን ለወጡት። ከዚያ ወዲህ የነቀፋው ስም የክብራቸው ስም ሆኖ ቀረ።

የትምህርታቸውም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ሰው ልብ ያድራል የሚል ነው። ይህንም ስላመኑ ካህን አያስፈልገንም፣ የታነጸ ቤተ ክርስቲያንም አያስፈልገንም፣ ለሥዕልም አንሰግድም አሉ። ለጸሎት በተሰበሰቡ ጊዜ ወንዶች ባንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ሆነው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ባለው ገበታ ላይ ዳቦ፣ ጨውና በእንሥራ የተቀዳ ውሃ ይቀመጣል። አንዱ ለሌላው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፤ እጅ የሚነሣውም በወንድሙ ውስጥ ላለው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሥጋው አይደለም። ከዚህም የተነሣ ሰውን መግደል የእግዚአብሔርን ማደሪያ ማፍረስ ነው ብለው የጦር መሣሪያ መያዝን ፈጽመው ጠሉ። ይህ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምን ያህል የራቀ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ስለ ሃይማኖታቸው ለመከራከር አይደለም፤ አንድ ሕዝብ እውነት ነው ብሎ ስለ ያዘው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደ ከፈለ ለማስረዳት ነው።

ጸሎታቸውንና ትምህርታቸውን በመዝሙር አድርገው ከአባት ወደ ልጅ በቃል ያወርሱ ነበር። ይህንም የመዝሙር ጉባኤ ሕያው መጽሐፍ ብለው ይጠሩታል። በወረቀት ያለ መጽሐፍ ሊቃጠል ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ በልብ ያለውን ግን ዳኛም ወታደርም ሊወስደው አይችልም ባዮች ነበሩ። ስደት ለለመደ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም።

በእርግጥም ስደት የለመዱ ነበሩ። በ1802 ዓ.ም. ቀዳማዊ እስክንድር የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሳለ፣ በየአውራጃው ተበትነው የነበሩት ዱኾቦሮች በደቡብ ሩሲያ ሞሎችናያ በሚባለው ወንዝ አጠገብ በአንድነት እንዲሰፍሩ ፈቀደላቸው። በዚያም መሬቱን አልምተው ባለጸጎች ሆኑ። ከእሱ በኋላ የነገሠው ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ግን ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ካልተመለሳችሁ አገሩን ትለቃላችሁ የሚል ትእዛዝ አወጣባቸው። ከ1841 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ በየክፍላቸው እየሆኑ ወደ ካውካስ ተራሮች ተጋዙ። ዛሬ ጆርጂያ በሚባለው አገር፣ ጃቫኬቲ በሚባለው ደጋ፣ ብርድ በጠናበት መሬት ላይ እንደ ገና ቤታቸውን ሠሩ። ከመንደሮቻቸውም ዋነኛይቱ ጎሬሎቭካ ነበረች፤ የማኅበሩ ገንዘብ የሚጠበቅበት፣ ለድኾችና ለአሳዳጊ የለሾች የሚታሰብበት ቤትም በዚያ ነበር። ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ ሉኬሪያ ካልሚኮቫ የምትባል ሴት ይህን ሕዝብ እስከ ሞተችበት እስከ 1886 ዓ.ም. ድረስ መራችው።

ካልሚኮቫ ልጅ ስላልነበራት ከሞተች በኋላ ስለ ሥልጣኑ ታላቅ መከፋፈል ሆነ። የሚበዛው ሕዝብ እሷ ያሠለጠነችውን ወጣቱን ፒዮትር ቬሪጊንን መሪዬ ነው አለ። መንግሥቱ ግን የተቃራኒዎቹን ወገን ደግፎ በ1887 ዓ.ም. ቬሪጊንን ወደ ሰሜን ሩሲያ አጋዘው፤ ግዞቱም ወደ ሳይቤሪያ ተዛውሮ በጠቅላላው ዐሥራ አምስት ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት ደግሞ የካውካስ ሰዎች ሁሉ ለውትድርና እንዲመለመሉ የሚያዝ ሕግ በአገሩ ላይ ተጫነ። ቬሪጊን ከግዞቱ ስፍራ ሆኖ መልእክት ይልክ ነበር። መልእክቱም ሥጋ መብላትን፣ ትምባሆንና መጠጥን እንዲተዉ፣ ገንዘባቸውን ለተቸገረው እንዲያካፍሉ፣ ለመግደያ የተሠራውን መሣሪያ እንዳይነኩ የሚመክር ነበር።

በ1895 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ማትቬይ ሌቤዴቭ የሚባል ዱኾቦርና ባልንጀሮቹ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ለአለቆቻቸው መልሰው፣ ከእንግዲህ ወዲህ አንይዝም አሉ። ወዲያው ታሰሩ፤ ብርቱ ቅጣትም ተቀጡ። በዚያው ክረምት፣ የቅዱሳን ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በሚነጋበት ሌሊት፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። ይህ በዓል በእኛም አገር ሐምሌ 5 ቀን የሚከበረው ነው። ሽፍታ በሚበዛበት ተራራ ይኖሩ ስለ ነበር በየቤታቸው ጠመንጃ፣ ጎራዴና ሽጉጥ ነበራቸው። ይህን ሁሉ አውጥተው በሦስት ስፍራ ከመሩት፤ እንጨትና ከሰል ጨምረው እሳት ለቀቁበት፤ እሳቱንም ከበው መዝሙራቸውን ዘመሩ።

በጃቫኬቲ ያሉት ገና በጸሎት ላይ ሳሉ ኮሳኮች የሚባሉት ፈረሰኞች ደርሰው ሽማግሌና ሴት ሳይለዩ በጅራፍ ገረፏቸው። ከዚያም በኋላ ከአራት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በጆርጂያ መንደሮች ተበተኑ። መሬት አልተሰጣቸውም፤ ለሥራም እንዲዘዋወሩ አልተፈቀደላቸውም። በረኃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀባቸው። ከተረፉት ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል ያን ሌሊት የማያስታውስ የለም። ዛሬም በካናዳ ያሉት ዱኾቦሮች ከበዓሎቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚያስቡት ይህን የጴጥሮስ ወጳውሎስን ዕለት ነው።

ቶልስቶይ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። እሱ በመጽሐፍ ይጽፈው የነበረውን ነገር፣ ይኸውም ክፉን በክፉ አለመቃወምን፣ እነዚህ ገበሬዎች በሥራ ሲፈጽሙት ባየ ጊዜ ልቡ ተነካ። ስለ እነሱም ለዓለም ጋዜጦች ጻፈ። በ1897 ዓ.ም. ኖቤል ለሰላም ሽልማት የተናዘዘው ገንዘብ ለዱኾቦሮች ሊሰጥ ይገባዋል ሲል ለስዊድን ጋዜጣ ደብዳቤ ላከ። ወዳጁ ቼርትኮቭም ስለ እነሱ በመጮኹ ከአገሩ ተባረረ። ከሩሲያ እንዲወጡ በተፈቀደላቸው ጊዜ ደግሞ ለመርከቡ ዋጋ እንዲሆን ቶልስቶይ ትንሣኤ የሚባለውን ልብ ወለድ ታሪኩን ጨርሶ የመጽሐፉን ገንዘብ ሰጠ። በእንግሊዝ አገር ያሉትም ኩዌከሮች የሚባሉት ጦርነትን የማይወዱ ክርስቲያኖች ብዙ ገንዘብ አዋጡ። እንግዲህ በካስልጋር የቆመው ምስል የስግደት ምስል አይደለም፤ የውለታ ምልክት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 2,100 የሚሆኑ ስደተኞች በ1898 ዓ.ም. መጨረሻ ከባቱም ወደብ ተነሥተው በጥር ወር 1899 ዓ.ም. ሃሊፋክስ ከሚባለው የካናዳ ወደብ ደረሱ። በዚያ ዓመት በጠቅላላው ወደ 7,500 የሚሆኑ ዱኾቦሮች ባሕሩን ተሻገሩ። የካናዳ መንግሥት ሜዳማውን ምዕራብ የሚያርስ ገበሬ ይፈልግ ነበርና ከውትድርና ነጻ እንደሚሆኑ ቃል ገብቶ ተቀበላቸው። የሰፈሩትም በአብዛኛው ዛሬ ሳስካቸዋን በሚባለው አውራጃ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፈረስና በሬ አነሰ፤ ጎልማሶቹም ለምግብ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ወደ ምድር ባቡር ሥራ ሄዱ። ጊዜው ሳያልፍ መሬቱ መታረስ ስላለበት ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ማረሻውን በገመድ ሳቡት። ይህን የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ታውቋል። አንዳንድ የከተማ ሰዎች በዚያን ጊዜ ሥዕሉን አይተው ባሎቻቸውን እንደ ጨካኞች ነቀፏቸው፤ ሴቶቹ ግን ይህን ሥራ ለሕዝባቸው ያደረጉት የፍቅር ሥራ አድርገው ለልጆቻቸው ተረኩት።

ቬሪጊን ከግዞት ተፈትቶ በ1902 ዓ.ም. መጨረሻ ካናዳ ገባ። ዳሩ ግን የሰላሙ ዘመን ረዥም አልሆነም። የአገሩ ሕግ መሬት የሚወስድ ሰው እርሻውን በራሱ ስም እንዲያስጽፍና ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ እንዲምል ያዝ ነበር። በመጀመሪያ ይህ ሕግ በመላላት ይፈጸምላቸው ነበር፤ ከ1905 ዓ.ም. በኋላ ግን አዲሱ የአገር ግዛት ሚኒስትር ፍራንክ ኦሊቨር አጠበቀባቸው። የሚበዙት ዱኾቦሮች መሐላው ለሰማያዊው ንጉሥ ብቻ የሚገባ ነው፤ ደግሞም መሐላ ወደ ውትድርና የሚወስድ መንገድ ነው ብለው እንቢ አሉ። በ1907 ዓ.ም. እንደ ገና ለእርሻ ያቀኑት ሰፊ መሬት ተወስዶ ለሌሎች ሰፋሪዎች ታደለ፤ ለእነሱም ለነፍስ ወከፍ ዐሥራ አምስት ኤከር ብቻ ቀረላቸው። አንዳንዶቹ ምለው ለየራሳቸው ገበሬ ሆኑ። በሳስካቸዋን ቬሬጊን በምትባለው ስፍራም ሌላ የመታሰቢያ መንደር ይገኛል፤ ዙሪያውን በሰገነት የተከበበው ታላቁ የጸሎት ቤታቸው በዚያ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

የማኅበሩን ኑሮ አንለቅም ያሉት ግን በ1908 ዓ.ም. እንደ ገና ጉዞ ጀመሩ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ መሬት በገንዘብ ለሚገዛ ሰው መሐላ አይጠየቅም ነበርና፣ ቬሪጊን በዚያ በደን የተሸፈነ ሸለቆ ገዛ። አምስት ሺህ የሚሆን ሕዝብም ቀስ በቀስ ተከተለው። የሁለቱን ወንዞች መገናኛ አገር የመጽናናት ሸለቆ ብለው ሰየሙት። ደኑን መነጠሩ፤ ፍራፍሬ ተከሉ፤ እንጨት መሰንጠቂያና ጡብ መሥሪያ አቆሙ፤ ውሃ በቧንቧ ሳቡ፤ በ1913 ዓ.ም. በኩትኒ ወንዝ ላይ በራሳቸው ጉልበት የሠሩት ተንጠልጣይ ድልድይ ዛሬም ቆሟል። ከፍራፍሬያቸው የሚሠሩት ማርማላታ በምዕራብ ካናዳ ገበያ ሁሉ ስም ያለው ነበር። የመታሰቢያው መንደር የሚያሳየው ይህን የሠላሳ ዓመት ዘመን ነው።

ስለዚህ አገር ሲነገር የማይዘለል አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ምድር ባዶ አልነበረም። ሲኒክስት የሚባሉት የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ የሚያጠምዱበትና ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ስፍራ ነበር። መሬቱ ለዱኾቦሮች ከተሸጠ በኋላ በዚያ የቀሩት ቤተ ሰቦች ለመልቀቅ ተገደዱ። በ1956 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት ሲኒክስት ጠፍተዋል ብሎ ከመዝገብ ፋቃቸው፤ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥንት መብታቸው አልጠፋም ብሎ የፈረደው በ2021 ዓ.ም. ነው። ተሰዳጅ ሕዝብ ዕረፍት ያገኘበት ስፍራ ለሌላው የስደት መነሻ መሆኑ የሰው ልጅ ታሪክ መራራ ገጽ ነው። የተሰደደውን የሚያስብ ቤት ይህን ገጽ ሳያነብ ሊያልፍ አይገባውም።

የማኅበሩ ዘመን በሁለት መከራ ተፈጸመ። በጥቅምት ወር 1924 ዓ.ም. ቬሪጊን የተሳፈረበት የባቡር ሠረገላ በፈንጂ ተናጋ፤ እሱና ሌሎች ስምንት ሰዎች ሞቱ። ፈንጂውን ያኖረው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ከሩሲያ መጥቶ ሥራውን ያዘ፤ ነገር ግን ዕዳው በዝቶ ነበር፤ የዓለም ንግድ የወደቀበትም ዘመን ደረሰ። በ1938 ዓ.ም. አበዳሪዎቹ ማኅበሩን በዕዳ ያዙት። ሕዝቡን ከማባረር የአውራጃው መንግሥት መሬቱን ቢረከበውም፣ ራሳቸው ባቀኑት መሬት ላይ ዱኾቦሮች ጭሰኞች ሆነው ቀሩ። መሬቱን መልሰው ለመግዛት የቻሉት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የተመለሰው ለየአንዳንዱ ሰው ነው እንጂ ለማኅበር አይደለም። የአንድ ማኅበር ቤት የነበሩት ታላላቅ ቤቶችም ጠባቂ አጥተው እየፈረሱ ሄዱ።

ሌላው የጥፋት ምክንያት ከራሳቸው ወገን መጣ። የነጻነት ልጆች የሚባሉ ጥቂት ሰዎች፣ የዓለም ገንዘብ ሕዝባችንን አጠፋው፣ የመንግሥትም ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ለጦርነት ያሰናዳቸዋል እያሉ፣ ልብሳቸውን አውልቀው በሰልፍ ይወጡ ነበር፤ ትምህርት ቤትንና የወንድሞቻቸውን ቤት ሳይቀር በእሳት ያቃጥሉ ነበር፤ በኋላም ፈንጂ አፈነዱ። አባቶቻቸው መሣሪያን ባቃጠሉበት እሳት እነሱ የሰውን መኖሪያ አቃጠሉበት። የሚበዙት ዱኾቦሮች ይህን ሥራ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሆኖም በውጭ ሰው ዓይን የሁሉም ስም አብሮ ጠቆረ።

መንግሥቱም በበኩሉ ከልክ ያለፈ ቅጣት ቀጣ። ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. ድረስ ከነጻነት ልጆች ወገን ወደ 200 የሚሆኑ ልጆች ትምህርት ቤት አልገቡም ተብለው ከወላጆቻቸው ተወስደው ኒው ዴንቨር በምትባለው ከተማ በጥበቃ ተቀመጡ። ወላጆቻቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ በሽቦ አጥር መካከል ጣታቸውን አሳልፈው ይነኳቸው ነበር። በልጅነታቸው በአጥሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ካረጁ በኋላ፣ በ2024 ዓ.ም. የአውራጃው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ኢቢ ወደ ካስልጋር መጥቶ በመንግሥቱ ስም ይቅርታ ጠየቀ፤ 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም ለዚሁ ነገር ተመደበ። ሰባ ዓመት የዘገየ ይቅርታ ነው፤ ቢሆንም ስፍራው መሰየሙና በደሉ በአደባባይ መነገሩ ለቀሩት ሽማግሌዎች ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የመታሰቢያው መንደር የቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማኅበሩ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ታላላቆቹ ቤቶች በየቀኑ እየጎደሉ ነበር። የተልባውን ማበጠሪያ አያያዝ የሚያውቁ እጆች ወደ መቃብር ይወርዱ ነበር። ወጣቶቹም በእንግሊዝኛ ተምረው በእንግሊዝኛ ይነጋገሩ ነበር። አባቶቻቸው ዕቃን ለማከማቸት የማይወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ግን ዕቃውን ካልሰበሰቡት የአባቶቻቸው አለመውደድ ራሱ እንደሚረሳ አስተዋሉ።

በዚህም ነገር ቀዳሚ ምሳሌ ነበራቸው። በ1899 ዓ.ም. ከተሻገሩት ስደተኞች ጋር ቭላዲሚር ቦንች ብሩዬቪች የሚባል ሩሲያዊ ሊቅ አብሮ ተጉዞ፣ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ መዝሙራቸውን እየሰማ ጻፈ፤ በ1909 ዓ.ም. ሕያው መጽሐፍ በወረቀት ታተመ። በልብ ብቻ የሚኖር መጽሐፍ ታትሞ መውጣቱ ራሱን እንደ መካድ የሚቆጠር ይመስላል። ነገር ግን መጻፉ መዝሙሩን አልገደለውም። የሚገድለው ቢኖር የሚዘምር ሰው መጥፋት ነው።

ይህን ደግሞ የመዝሙሩ ጠባይ ያስረዳል። ዱኾቦሮች በበገናም በሌላም መሣሪያ ሳይታገዙ በብዙ ድምፅ ተባብረው ይዘምራሉ። አንዷን ፊደል በረዥም ዜማ እያንጠለጠሉ ስለሚስቧት፣ ከመጀመሪያ ያልተማረ ሰው ቃሉን ሊለይ አይችልም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቃል፤ ዜማውን ግን አያውቅም። ዜማውን የሚያውቀው ከእናቱ ጎን ቆሞ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። እንዲሁም የተልባው ማበጠሪያ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ግንዱ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅና የተበጠረው ጭረት በእጅ ላይ ሲለሰልስ የሚሰማውን ደስታ ግን መስታወቱ አይነግርም። ባለ ፎቁ ቤት እንደ ገና ሊሠራ ይችላል፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ገበታ ያለ ጠብ የሚበላበትን ትዕግሥት ግን አናጢ አይሠራውም።

ይህን ስንል ቤተ መዘክር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በጆርጂያ ደጋ በጎሬሎቭካ የቀሩት ዱኾቦሮች ከሶቪየት መንግሥት መፍረስ በኋላ በብዛት ወደ ሩሲያ ተሰደዋል፤ የአባቶች መንደር ቢቆምም የሚኖርበት ሰው አንሷል። በካስልጋር ደግሞ መንደሩ ጠፍቶ ሰዎቹ ቀርተዋል። ከሁለቱ ማንኛው እንደሚሻል የሚጠራጠር ሰው ያለ አይመስለንም። ሰው ካለ ቤት ይሠራል፤ ቤት ብቻውን ግን ሰው አይወልድም። የካስልጋር ዱኾቦሮችም ይህን የተረዱ ይመስላሉ፤ መንደሩን ሲያቆሙ የመዘምራን ጉባኤያቸውን አልተዉም፤ በየዓመቱም ወጣቶቻቸው የሚዘምሩበት በዓል ያደርጋሉ።

አንባቢ ሆይ፣ የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ሌላ፣ አገራቸውም ሩቅ ነው። ጥያቄያቸው ግን የሁላችን ጥያቄ ነው። የአያቶቻችንን መሶብና ጋሻ በግድግዳ ሰቅለን ማየት ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን መሶቡ የተሰፋው ለእንግዳ መቀበያ እንደ ነበረ ካልነገርነው፣ ልጃችን ያማረ ስንደዶ ብቻ ያያል። የዱኾቦሮች አባቶች ለሰው እጅ የሚነሡት በሰው ውስጥ እግዚአብሔር አለ ብለው ነው። በመታሰቢያው መንደር ገበታ ላይ ዳቦው፣ ጨውና ውሃው ዛሬም ቢቀመጥ፣ አንዱ ለሌላው ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ ሰው በፊቱ ካልቆመ በቀር ምግብ እንጂ ምልክት አይሆንም። መንደሩን የሠሩት ልጆች ግንቡን ፈጽመዋል፤ እጅ መንሣቱ ግን በየትውልዱ እንደ ገና የሚጀመር ሥራ ነው።